«ሁላችንም» ያልከው ማንን ነው?

የከዚራው፦ ትናንት ሳቢያን እዚህ የጻፈውን አያችሁ? «የአርኖልድን ፊልም ተርሚኔተር 2ን ከልጄ ጋር ደግሜ አየሁት፤ አፈርኩ። የልጅነት ፊልም አይደገምም። ሁላችንም ቪዲዮ ቤት ተሸውደን ነው ያደግነው» ይላል። አቦ! ሲያንገበግበኝ አደረ። እኔም ባለፈው ሳምንት ደግሜ አየሁት። ያኔ ያላየሁትን ነው ያየሁት። የፊልሙን ልጅ እናት የአእምሮ ሆስፒታል የቆለፉባት እኮ ማሽኖች ዓለምን ያጠፋሉ ብላ እውነቱን ስለተናገረች ነው። ልጅ ሆነን እሷ ስትመጣ «አሳልፈው!» ብለን እንጮህ ነበር።

ሳቢያን፦ ያየሁትን ነው የጻፍኩት። ያ ፖሊስ የመሰለው የፈሳሽ ብረት ሮቦት ከሆስፒታሉ ጥቁርና ነጭ ወለል ላይ እንደ ሜርኩሪ ሲነሳ የ10 ዓመት ልጄ ምን አለኝ መሰለህ? «አባ፣ ይሄን እኮ ስልክህም ይሠራዋል።» እኔ ለዚያች ትዕይንት ነው የዳቦ መግዣ ይዤ ጠፍቼ የተገረፍኩት።

የለገሃር ልጅ፦ ልጅህ ምን ያድርግ፣ አላስረዳኸውም። ፊልሙ የወጣው ሰኔ 1983 ነው። ደርግ ከወደቀ ገና ወር ከምናምኑ። በኮምፒውተር የተሠራው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ሄሊኮፕተሩ ድልድይ ስር ሲያልፍ ፓይለቱ የእውነት አብርሮት ነው። ፖሊሱ የሆስፒታሉን ዘበኛ መስሎ ሲቆም ደግሞ የሠሩት መንትዮች ናቸው። 4 ኦስካር ለጽድቅ አልተሰጠም።

የመጋላዋ፦ ቆይ ቆይ። «ሁላችንም» ማን ነው? ሴት ልጅ ቪዲዮ ቤት ትገባ ነበር እንዴ? እኔ የማውቀው በሩን ነው። የተሰቀለውን ብርድ ልብስ ገለጥ አድርጌ «እማዬ ትጠራሃለች» ብዬ ወንድሜን መጥራት። ተኩሱን ከውጭ ሰምቼ አደግኩ። ፊልሙን ያየሁት በ30 ዓመቴ ነው።

ሳቢያን፦ እህቴ፣ አባባል ነው። ሰፈሩን ማለቴ ነው።

የመጋላዋ፦ እኔስ የሰፈሩ አይደለሁም?

የከዚራው፦ በላት እንግዲህ መልስ ስጣት!

ሳቢያን፦ አንተ ደግሞ አትደረብ።

ጀጎል፦ ድሬዎች ስትጣሉ ደስ ትላላችሁ። ዋናውን ረሳችሁት፣ መጨረሻውን። ከናንተ ስንቱ ነው ያኔ መጨረሻውን ያየ?

የለገሃር ልጅ፦ እውነት ለመናገር እኛ አላየንም። መብራት ሄደ። ባለቤቱ 50 ሳንቲማችንን ሳይመልስ አስወጣን። «አክተር አይሞትም» ተባብለን ተለያየን። ሐረር ያለው የአክስቴ ልጅ «አርኖልድ እሳት ውስጥ ገብቶ ሞተ» ሲለኝ ተደባድቤያለሁ።

ጀጎል፦ የቀለጠ ብረት ነው እንጂ እሳት አይደለም። አውራ ጣቱን ቀስሮ እየሰመጠ። ወላሂ አልቅሻለሁ። ደግሞ ያ ፖሊሱ ሮቦት በናይትሮጅን በርዶ የሚሰባበረው ሌላ አገር ስለሆነ ነው። ድሬ ቢሆን ገላውን ተለቃልቆ ይሄድ ነበር።

የከዚራው፦ ሂድ አቦ!

የመጋላዋ፦ አንድ ነገር ልጨምር። አርኖልድ የሆነው ሮቦት ራሱን ማጥፋት አይችልም። ቁልፉን ተጭና ያወረደችው እናትየዋ ናት። ታዲያ አክተሩ ማን ነው? እሷ ናት። አልሞተችም። ሕጋችሁ ትክክል ነበር፤ ሰዉን ነው የተሳሳታችሁት።

የለገሃር ልጅ፦ ፖስተሩ ላይ ጠመንጃ ይዞ ሞተር ላይ የተቀመጠው ማን ነው ታዲያ? አርኖልድ!

የመጋላዋ፦ ፖስተሩን የለጠፈው ማን ነው? ቪዲዮ ቤቱ። ቪዲዮ ቤቱስ የማን ነበር? የ«ሁላችንም»!

ሳቢያን፦ ያቺን ቃል አትለቂያትም አይደል?

የመጋላዋ፦ አልለቅም።

ጀጎል፦ ፊልሙ ዓለም የሚጠፋበትን ቀን ቆርጦ ነግሮን ነበር። በኛ ሲቆጠር ነሐሴ 23 ቀን 1989 ይመጣል። የት ነበራችሁ?

ሳቢያን፦ ሁላችንም... ይቅርታ፣ እኔ ተኝቼ ነበር።

የከዚራው፦ የድሬ የፍርድ ቀንማ ሐምሌ 1998 ነው የመጣው። በደቻቱ ወንዝ ጎርፍ።

የመጋላዋ፦ እሱን ለፊልም ወሬ አታምጣው።

የከዚራው፦ ልክ ነሽ። ይቅር።

የለገሃር ልጅ፦ ያ ቪዲዮ ቤት አሁን የሞባይል መጠገኛ ሆኗል። ትናንት ስክሪን ላስቀይር ገብቼ ነበር። ጣሪያው ያው ቆርቆሮ ነው፣ ሙቀቱም ያው። የባለቤቱ ልጅ ነው የሚሠራው። 50 ሳንቲሜን ልጠይቀው አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ።

ጀጎል፦ ከነወለዱ ጠይቀው!

ሳቢያን፦ እሺ በቃ፣ ጽሑፌን አስተካክያለሁ። «ሁላችንም» የሚለውን «አብዛኞቻችን» ብዬዋለሁ። ያሳፍራል ያልኩት ግን እንዳለ ነው።

የመጋላዋ፦ አብዛኞቻችሁ እነማን ናችሁ?