ሽሪምፕ በአትክልት፦ ለምን ውሃ ይለቃል?

እሙ፦
ሰላም ለሁላችሁ። 400 ግራም የተላጠ የበረዶ ሽሪምፕ ከካሮትና ብሮኮሊ ጋር ስጠብስ ውሃ ይለቅና ወጥ ይሆንብኛል። ሥጋውም ላስቲክ ላስቲክ ይላል። ኮሌስትሮሉ ከፍ ላለ ሰውስ ይሆናል?

ባለዎክ፦
እሙ፣ ውሃው የሚወጣው ከራሱ ከሽሪምፑ ነው። ማሸጊያው ላይ ፎስፌት የሚል ካለ ውሃ እንዲይዝ ተደርጓል ማለት ነው። በላስቲኩ እንዳለ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ 20 ደቂቃ አቅልጪው፣ ከዚያ ወረቀት ፎጣው እርጥበት መሳብ እስኪያቆም ድረስ አድርቂው። ቻይናዎች እንደሚያደርጉት ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨውና ሩብ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ለውሰሽ 15 ደቂቃ ፍሪጅ አስገቢው። ሶዳው ሥጋው እርጥበቱን እንዳይለቅ ይረዳል፤ ከበዛ ግን ሳሙና ሳሙና ይላል። ከዚያ አንድ የሾርባ ማንኪያ ኮርን ስታርች ጨምረሽ ለውሺው።

ዋናው ነገር አንድ ላይ አለመጨመር ነው። መጥበሻው ሲሞላ ሙቀቱ ይወርዳል፣ የወጣው ውሃ መትነን ያቅተውና ይቀቅለዋል። መጥበሻው ጭስ ጭስ ሲል ዘይት ጨምሪና ግማሹን ሽሪምፕ ሳይደራረብ ዘርግተሽ ለአንድ ደቂቃ አትንኪው፤ ገልብጠሽ 30 ሰከንድ ቆይተሽ አውጪው። ግራጫው ወደ ሮዝና ነጭ ተቀይሮ እንደ ማጭድ ሲታጠፍ በቃው። ጭራው ዞሮ ቀለበት ከሠራ አልፎበታል፣ ላስቲክ የሚሆነውም ያኔ ነው። ቀሪውን ግማሽ እንዲሁ ጠብሺ። ከዚያ ካሮቱን 2 ደቂቃ፣ ቀድሞ አንድ ደቂቃ የተቀቀለና የተጠነፈፈ ብሮኮሊ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብሉን 20 ሰከንድ፤ ሽሪምፑን መልሰሽ አንድ የሾርባ ማንኪያ ሶያ ሶስ በመጥበሻው ጠርዝ ዙሪያ አፍስሺና አውርጂ።

የባሕር ጥብስ፦
ይህ ሰዓት ለትልልቁ ነው፤ ማሸጊያው ላይ 21/25 የሚለው በአንድ ፓውንድ፣ ማለትም በ454 ግራም፣ ስንት ፍሬ እንዳለ ነው የሚናገረው። 61/70 ከሆነ ትንንሹ ስለሆነ ጊዜውን በግማሽ ቀንሺ፣ ሶዳውንም ተይው። ስኩዊድ (አጥንት የሌለው ባለብዙ እጅ የባሕር እንስሳ) ከቀላቀልሽ ደግሞ ላዩን በቢላ ስስ አድርገሽ አቋርጠሽ ብጪው፤ ከአንድ ደቂቃ በላይ እሳት ላይ አይቆይ።

እሙ፦
ኤሌክትሪክ ምድጃ ነው ያለኝ። ዎክ፣ ያንን ቂጡ ክብ የቻይና መጥበሻ፣ ልግዛ?

ባለዎክ፦
አትግዢ። ጠፍጣፋ ምድጃ የሚነካው የዎኩን ቂጥ ብቻ ነው። ከባድ ጠፍጣፋ መጥበሻ 4 ደቂቃ በደንብ ካጋልሽ ይበልጣል።

ሚዛን፦
ስለ ኮሌስትሮሉ፦ 100 ግራም የበሰለ ሽሪምፕ 24 ግራም ገደማ ፕሮቲን፣ 190 ሚሊግራም ገደማ ኮሌስትሮል፣ ከ1 ግራም ያነሰ ስብ አለው። ለብዙ ሰው የደም ኮሌስትሮልን ይበልጥ የሚያንረው የረጋ ስብ ስለሆነ፣ በቅቤ ፋንታ በዘይት ጥበሺው። ሐኪም ገደብ ካበጀለት ግን እሱ ይቅደም። እኔን የሚያሳስበኝ ጨው ነው፦ አንድ የሾርባ ማንኪያ ሶያ ሶስ ብቻውን 900 ሚሊግራም ገደማ ሶዲየም ይይዛል፣ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ደግሞ በቀን ከ2000 በታች ነው። ስለዚህ የለወስሽበትን ጨውና ሶዳ ስታርቹን ከመጨመርሽ በፊት አጥበሽ እንደገና አድርቂው፣ ድስቱ ላይም ሌላ ጨው አትጨምሪ። ሽሪምፕ አለርጂ ያለበት ሰው ቤት ውስጥ ካለ በዚያው ዘይት ሌላ ምግብ አይጠበስ፤ አለርጂ የሚቀሰቅሰው ፕሮቲን በእሳት አይጠፋም።