የቃሪያዬ ቀንበጥ ወደ ታች እየተጠቀለለ ነው፤ ልንቀለው?

ኮምቦልቻ፣ ጓሮ ውስጥ 20 እግር ማረቆ ፋና የሚባል የቃሪያ ዝርያ አለኝ። ከመደብ ከተዛወረ 7 ሳምንቱ ነው፣ አበባ ጀምሯል። ዶሮዎቹን የሽቦ አጥር ይዟቸዋል፤ ችግሩ እነሱ አይደሉም።

መጀመሪያ ክሽክሽ (የቅጠል ፈሳሽ የሚመጥ ትንሽ ተባይ) ነበር፤ ቅጠሉ ይጣበቃል፣ ጉንዳን ይመላለስበታል። በ1 ሊትር ውሃ 1 የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጬ የቅጠሉን ጀርባ በየ4 ቀኑ 3 ጊዜ ረጨሁ። ጠፋ። አንዴ ቀትር ላይ ስለረጨሁ ግን ጠርዙ ተቃጥሏል፤ የሚረጨው አመሻሽ ላይ ነው።

አሁን የመጣው ሌላ ነው። ከ20ው በ6ቱ ላይ አዲሱ ቀንበጥ ብቻ ጠብቦና ደርቆ ወደ ታች ይጠቀለላል፣ ጀርባው ነሐስ መስሎ ያብረቀርቃል፣ እምቡጡ ሳይፈነዳ ይረግፋል። የታችኛው ቅጠል ደህና ነው። ቢጫ ዝንጉርጉር ስለሌለው ቫይረስ አይመስለኝም፤ ቫይረስ የሚያዛምተውን ነጭ ዝንብም አላየሁም። በባዶ ዓይን የማትታየዋ፣ ሸረሪት መሰሏ ተባይ ሳትሆን አትቀርም።

ለእሷ ድኝ ይሠራል፤ ነገር ግን የኒም ዘይት (ከኒም ዛፍ ፍሬ የሚወጣ የተባይ መከላከያ) ከረጨሁ ገና 5 ቀኔ ነው፣ ድኝ ደግሞ ዘይት ላይ ሲያርፍ ቅጠል ያቃጥላል። ቢያንስ 2 ሳምንት ማሳለፍ አለብኝ።

ታዲያ 14ቱን ለማትረፍ 6ቱን ዛሬውኑ ልንቀል፣ ወይስ የታመመውን ጫፍ ብቻ ቆርጬ ድኙን የምረጭበት ቀን እስኪደርስ ብጠብቅ ተባዩን መግታት ይቻላል?