ከባለ ገመድ ስልክ የሞባይል ቮይስሜይል መስማት፦ ኮከቡ ለምን አይሰማም?

ደወል3 (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ቤት ውስጥ የሞባይል ኔትወርክ ስለማይያዝ፣ ቮይስሜይል ላይ የሚቀመጡ መልእክቶችን ከመደበኛው ስልክ መስማት ፈልጌ ነው። ስልኩ ባለ ገመድ፣ ባለ ቁልፍ ነው። ወደ ሞባይሉ ቁጥር ስደውል የሰላምታው ቅጂ ይመጣል። እዚያ ላይ ኮከብ (*) ስጫን ግን ምንም የለም፤ ሰላምታው እስከ መጨረሻው ይሄዳል፣ «ቢፕ» ይላል፣ ቀጥዬ ያስገባሁት ፒን ራሱ እንደ መልእክት ይቀዳል። ቅጂው ሲከፈት «ቲት ቲት ቲት» ብቻ ነው። ችግሩ ከስልኩ ነው፣ ከፒኑ ነው ወይስ ከኔትወርኩ?

ቀጭን ሽቦ

ከፒኑ አይደለም፤ ገና ፒን አልተጠየቁም። ያ «ቲት ቲት» የሚል ቅጂ ግን ጥሩ ፍንጭ ነው። ቁጥሮቹ በድምፅ ሄደዋል፣ ከእነሱ በፊት የተጫኑት ኮከብ ግን አልሄደም ማለት ነው። ይህ የሚሆነው በብዛት ስልኩ ፐልስ በሚባለው የአደዋወል ዘዴ ላይ ሲሆን ነው።

ስልኩን ገልብጠው ሆዱን ወይም ጎኑን ይዩ። ወዲያና ወዲህ የምትንሸራተት ትንሽ ማብሪያ ትኖራለች፤ አንዱ ጫፍ ቶን፣ ሌላው ፐልስ ነው። ማብሪያ ከሌለው በጆሮ ይለያል፦ ቁጥር ሲደውሉ «ጠቅ ጠቅ ጠቅ» ካለ ፐልስ፣ ዜማ ያለው ድምፅ ካወጣ ቶን።

ፐልስ መስመሩን በሰከንድ 10 ጊዜ ያህል ማቋረጥና መልሶ ማገናኘት ነው። ያንን የሚቆጥረው የአካባቢዎ ማዞሪያ ጣቢያ ብቻ ነው። ጥሪው ከተገናኘ በኋላ ማዞሪያው አይቆጥረውም፣ ወደ ማዶም አያሻግረውም፤ ስለዚህ ቮይስሜይሉ ጋ የሚደርስ ነገር የለም። ቶን ግን እውነተኛ ድምፅ ነው። እያንዳንዱ ቁልፍ ሁለት ድምፅ በአንድ ላይ ያወጣል (ኮከብ 941 እና 1209 ኸርዝ፣ መሰላል (#) 941 እና 1477 ኸርዝ)፤ እንደ ንግግር በመስመሩ ላይ እስከ መጨረሻው ይጓዛል።

ታዲያ ቁጥሮቹ እንዴት በድምፅ ሄዱ? ብዙ ስልኮች ፐልስ ላይ ሆነው ኮከብ ሲጫን እስኪዘጋ ድረስ ወደ ቶን ይዞራሉ። የመጀመሪያው ኮከብ ለዚሁ ለመዞር ዋለ፤ ራሱ አልተላከም። ስለዚህ ወይ ማብሪያውን ቶን ላይ ያድርጉ፣ ወይ ኮከብን ሁለት ጊዜ ይጫኑ። ማብሪያው ይሻላል፤ አንዳንድ ስልክ ግን አዲሱን ቦታ የሚያነበው እጀታው ተቀምጦ እንደገና ሲነሳ ነው፣ በጥሪ መሃል አይሞክሩት።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎም ኮከብ እንቢ ካለ መሰላል (#) ይሞክሩ። አንዳንዱ ኩባንያ በር አድርጎ የያዘው እሱን ነው።

ደወል3

ፐልስ ላይ ነበር፤ ወደ ቶን ዞሯል። አሁን ኮከብ ስጫን ፒን ይጠይቃል። ግን በሞባይሉ ሲደወል ፒን ጠይቆ አያውቅም። የትኛውን ነው የሚፈልገው? የሲም ካርዱን ፒን አስገባሁ፣ «ትክክል አይደለም» አለ።

የሳጥን ቁልፍ

የሲሙን አይደለም፤ ያቁሙ። ደጋግመው ሲሳሳቱ ሳጥኑ ራሱን ይቆልፋል። የቮይስሜይል ፒን ለብቻው ነው፤ ከሲሙም ከስክሪን መክፈቻውም ጋር አይገናኝም።

ከሞባይሉ ሲደውሉ የማይጠይቀው ኔትወርኩ የደዋዩን ቁጥር አይቶ «ባለቤቱ ነው» ስለሚል ነው። ከሌላ ስልክ ሲሆን ያ ማረጋገጫ የለም። ስለዚህ ሥራው መጀመር ያለበት ሞባይሉ ላይ ነው፦ ኔትወርክ ካለበት ቦታ ወደ ቮይስሜይል ይደውሉ (ብዙ ስልክ ላይ 1ን ተጭኖ መያዝ ነው)፣ ማስተካከያ ወደሚለው ዝርዝር ይግቡና አዲስ ፒን ያውጡ። አይፎን ላይ ከሆነ በስልክ ማስተካከያው ውስጥ የቮይስሜይል ይለፍ ቃል መቀየሪያ አለ።

ኩባንያው ያስቀመጠው መነሻ ፒን ካለ እሱን ይዘው አይቆዩ። እ.ኤ.አ. በ2011 የተዘጋው የብሪታንያው ኒውስ ኦፍ ዘ ወርልድ ጋዜጣ የሰዎችን ቮይስሜይል አዳመጠ ሲባል ረቂቅ ጥበብ የሚመስለው ብዙ ነው። ዋናው ዘዴ ግን እናንተ አሁን የምትሠሩት ነበር፦ ከሌላ ስልክ ደውሎ ያልተቀየረ ፒን ማስገባት።

ባለ ገመድ ስልክ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ነገር አለ። የመድገሚያው ቁልፍ (ሪዳይል) በአንዳንድ ስልክ የተደወለውን ቁጥር ብቻ ሳይሆን በጥሪው ውስጥ የተጫኑትን ሁሉ ይይዛል፤ ፒኑንም ጭምር። ከጨረሱ በኋላ እጀታውን አንስተው አንድ ሌላ ቁጥር ይጫኑና ይዝጉ፤ በቀደመው ላይ ይጻፍበታል። ያ በፒንዎ ድምፅ የተቀዳውንም መልእክት ያጥፉት፤ ቶን ወደ ቁጥር መመለስ ቀላል ነው። በፈጣን መደወያ ውስጥም የሞባይሉን ቁጥር ብቻ ያስቀምጡ፣ ፒን አያስገቡ።

ኮድ61

ከላይ ስለተባለው ጭማሪ። ሞባይሉ በርቶና ኔትወርክ ይዞ ከሆነ ከመደበኛው ስልክ ሲደውሉ መጀመሪያ ይጠራል፤ ሰላምታው እስኪመጣ መጠበቅ ግድ ነው። በሚጠራበት ጊዜ የሚጫን ኮከብ ከንቱ ነው፣ ማዶ ያነሳ የለምና። ሞባይሉን ካጠፉት ወይም የአውሮፕላን ሁነታ ላይ ካደረጉት ሳይጠራ ቀጥታ ይገባል።

የጂኤስኤም ኮዶችን በሚቀበል ኔትወርክ ላይ ከሞባይሉ *#62# ብለው ቢደውሉ፣ ስልኩ በማይገኝበት ጊዜ ጥሪው የሚዞርበትን ቁጥር ያሳያል። ብዙ ጊዜ ያ የቮይስሜይሉ ማዕከል ቁጥር ነው። ከመደበኛው ስልክ እሱን በቀጥታ መደወል ይቻላል፤ የሞባይል ቁጥርዎን፣ ከዚያ ፒኑን ይጠይቃል፤ ብዙውን ጊዜ ከእያንዳንዱ በኋላ መሰላል ይጫናል። ሳይነሳ ሲቀር የሚጠራበትን ጊዜ ለማሳጠር **61*የማዕከሉ ቁጥር*11*10# ነው፤ የመጨረሻው 10 ሰከንዱ ሲሆን ከ5 እስከ 30 በአምስት በአምስት ይቀየራል። ##002# የሚባለውን ግን ሳያስቡ አይንኩ። ጥሪ ወደ ሌላ ቁጥር እንዲዞር የተደረገበትን ሁሉ ስለሚሰርዝ ቮይስሜይሉም አብሮ ይጠፋል።

ቀጭን ሽቦ

ፐልስ ሳይሆን ተመሳሳይ ችግር ለሚገጥማቸው ሦስት ነገር ልጨምር።

በጣም አሮጌ ባለ ቁልፍ ስልክ ውስጥ የቶን ማውጫው የመስመሩን አዎንታዊና አሉታዊ ይለያል። ሁለቱ ሽቦዎች ተገላብጠው ከተገጠሙ ንግግሩ ይሠራል፣ ጥሪ ይቀበላል፣ ቁልፎቹ ግን ድምፅ አያወጡም። ግድግዳው ላይ ያለውን ሶኬት ከፍቶ ሁለቱን ሽቦ ማቀያየር ይበቃል፤ ስልክ ሲጠራ መስመሩ ላይ እስከ 90 ቮልት ስለሚመጣ ግን እጅ አይግባ። አስቸጋሪው፣ ማዶ ሲነሳ ማዞሪያው ራሱ አዎንታዊና አሉታዊውን የሚገለብጥ ከሆነ ነው፦ መደወል ይሠራል፣ ከተነሳ በኋላ ቁልፉ ዝም ይላል። ለዚህ ሽቦ መቀያየር መፍትሔ አይሆንም፤ ሽቦው በየትኛውም በኩል ቢገጠም እንዲሠራ የሚያደርጉ አራት ዳዮዶች ውስጡ ያሉት አዲስ ስልክ ነው የሚያስፈልገው።

ሁለተኛ፣ ስልኩ በኢንተርኔት አዳፕተር በኩል ከሄደ ቁጥሮቹ ሊዘሉ ወይም ሊደገሙ ይችላሉ። ጂ.729 የመሰለ ድምፅን የሚጨምቅ ኮዴክ (ድምፁን ወደ ዳታ የሚቀይር ዘዴ) ቶኑን ያበላሻል። በአዳፕተሩ ማስተካከያ ላይ የዲቲኤምኤፍ (የቁልፎቹን ቶን) አላላክ አርኤፍሲ 2833 (አዲሱ 4733) በሚባለው፣ ቁልፎቹን ከድምፁ ለይቶ በሚልከው መንገድ ማድረግ፣ ካልሆነ ኮዴኩን ጂ.711 ማድረግ ነው።

ሦስተኛ፣ አይፎን ላይ ላይቭ ቮይስሜይል ከበራ (ከአይኦኤስ 17 ወዲህ የመጣ ነው) ጥሪውን የሚያነሳው ኔትወርኩ ሳይሆን ራሱ ስልኩ ነው። ኮከብ ቢጫኑም የሚሰማው የለም፤ እንደዚያ የተቀዱ መልእክቶችም ስልኩ ውስጥ እንጂ በኔትወርኩ ሳጥን ውስጥ የሉም። ስልኩን አጥፍተው ሲደውሉ የኔትወርኩን ሳጥን ያገኛሉ፣ ግን እዚያ የሚሰሙት ስልኩ ጠፍቶ ወይም ከኔትወርክ ውጭ ሳለ የተተዉትን ነው።

ደወል3

ፒኑ ወጣ፤ ሳጥኑ በመደበኛው ስልክ ተከፈተ። ሪዳይሉን ሳየው ፒኑን ከነኮከቡ ይዞታል። አጥፍቼዋለሁ።