ኖርዌይ ከስዊድን የተለየችው በ1905 ከሆነ፣ በየዓመቱ የሚያከብሩት የ1814ቱ ቀን ምንድን ነው?

የፈረንጅ አራዳዋ፦
ሰላም ለእናንተ የታሪክ ሰዎች። ጅማ ፈረንጅ አራዳ ትንሽ ቡና ቤት አለችኝ። የእህቴ ልጅ በርገን ነው የምትኖረው፤ ሜይ 17 በመጣ ቁጥር ልጆቿ ባንዲራ ይዘው፣ የአገሩን የባህል ልብስ ለብሰው ሲሰለፉ ፎቶ ትልክልኛለች። ዘንድሮ ለደንበኞቼ ሳሳይ አንድ ተማሪ «እትዬ፣ ኖርዌይ እስከ 1905 የስዊድን ንጉሥ ነበር የሚገዛት፣ ምኑን ነው የሚያከብሩት?» አለኝ። ልጅቷን ብጠይቃት «1814 ነው» ብላ ድርቅ አለች። ማንን ልመን? (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።) ዘርዘር አድርጋችሁ ጻፉልኝ፤ ጮክ ብዬ ነው የማነብላቸው።

ጡረተኛው መምህር፦
እትዬ፣ ሁለቱም ልክ ናቸው። ሜይ 17 የሕገ መንግሥት ቀን ነው። ግን 1814ን ከጥር ካልጀመሩት አይገባም።

ኖርዌይ ከ400 ዓመት በላይ በዴንማርክ ንጉሥ ሥር ኖራለች። ዴንማርክ ከናፖሊዮን ጋር ስትወግን እንግሊዞች ባሕሩን ዘጉት፤ እህል ከዴንማርክ ይመጣላት የነበረችው ኖርዌይ ተራበች፤ የዛፍ ልጥ ፈጭቶ ከዱቄት ጋር ጋግሮ የበላ ብዙ ነው። ስዊድን ደግሞ በ1809 ፊንላንድን ሩሲያ ወስዳባት ካሳ ትፈልግ ነበር። ናፖሊዮን ሲሸነፍ፣ ጃንዋሪ 14 ቀን 1814 ኪል በምትባል ከተማ የዴንማርኩ ፍሬድሪክ 6ኛ ኖርዌይን ለስዊድን ንጉሥ ፈርሞ ሰጠ። ኖርዌጂያኑን የጠየቀ የለም። የሚገርመኝ ደግሞ ጥንት ከኖርዌይ ጋር የነበሩት አይስላንድ፣ ግሪንላንድና ፋሮ ደሴቶች እዚያው ዴንማርክ እጅ ቀሩ።

የዴንማርኩ አልጋ ወራሽ ክርስቲያን ፍሬድሪክ ያኔ የኖርዌይ እንደራሴ ነበር። አልቀበልም አለ። ዘውዱን በውርስ ሊጭን አስቦ በየካቲት ትልልቆቹን ሰዎች ኤይድስቮል የሚባል ቦታ ሲሰበስባቸው፣ ጌዮርግ ስቬርድሩፕ የሚባል ፕሮፌሰር «ከማንኛውም ኖርዌጂያዊ የበለጠ መብት የለህም» አለው። ልዑሉም ሰማው! ሕዝቡ በየቤተ ክርስቲያኑ ተሰብስቦ ነጻነቱን ሊጠብቅ ማለና ተወካይ የሚመርጡለትን ሰዎች መረጠ። ኤፕሪል 10 ላይ 112 ተወካዮች ካርስተን አንከር የሚባል የብረት ማቅለጫ ባለቤት ቤት ውስጥ ተቀመጡ፤ ሹም፣ ገበሬ፣ ወታደር፣ ነጋዴ። ከሰሜኑ ዳርቻ ግን መንገዱ ሩቅ ስለሆነ የደረሰ ተወካይ አልነበረም። ሜይ 17 ሕገ መንግሥቱን ፈረሙ፣ ክርስቲያን ፍሬድሪክንም አነገሡ።

በጁላይ መጨረሻ ስዊድን ዘመተች። ጦሩን የመራው ካርል ዮሃን ነው፤ የናፖሊዮን ማርሻል የነበረ ፈረንሳዊ፣ ኋላ የስዊድን አልጋ ወራሽ የሆነ። ሦስት ሳምንት ያህል ተዋግተው ኦገስት 14 ሞስ በምትባል ከተማ ታረቁ፦ አዲሱ ንጉሥ ይሂድ፣ ሕገ መንግሥቱ ግን ይቆይ። ኖቬምበር 4 ፓርላማው፣ ስቶርቲንግ የሚሉት፣ ሕጉን አስተካክሎ የስዊድኑን ካርል 13ኛን በራሱ ድምፅ ንጉሥ አደረገው። እንግዲህ በአንድ ዓመት ሦስት ንጉሥ።

የጅሬን ልጅ፦
ይሄማ የኛው የአባ ጅፋር ታሪክ ነው! ለምኒልክ ገበሩ፣ ጅማን ግን ራሳቸው አስተዳደሩ። ጦር ሳይመዙ ነው ያዳኑን፤ እንደውም ኖርዌጂያኑ ከኛ ቢማሩ ይሻላቸው ነበር 😀

ሳሮን፦
መምህር፣ ሁሉን አስጊጠውት አለፉ እኮ። ያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 2 ላይ አይሁዳዊ አገሪቱ እንዳይገባ ይከለክል ነበር፤ የተነሣው በ1851 ነው። ሴቶች በእኩል የመረጡት ደግሞ ገና በ1913። መሬት የሌለው የቀን ሠራተኛም ድምፅ አልነበረውም። ለደንበኞችዎ ሲያነቡ ይህንንም ያንብቡልኝ እትዬ።

የፈረንጅ አራዳዋ፦
አነባለሁ የኔ ልጅ። መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ። ተማሪው ግን አሁንም አልተዋጠለትም፦ «ንጉሡ ስቶክሆልም ተቀምጦ ሕጋቸውን እምቢ ካለ ወረቀቱ ምን ይሠራል?» ይላል።

ጡረተኛው መምህር፦
ሳሮን ልክ ነሽ፣ አልከራከርም።

ልጁ ጥሩ ጠየቀ። ከአባ ጅፋር ጋር የሚለየውም እዚህ ላይ ነው። የጅማው ውል የተንጠለጠለው በሳቸው ብልሃትና በምኒልክ ቃል ነበር፤ እሳቸው አርጅተው በ1932 ሲያርፉ ራስ ገዝነቱም አበቃ። ኖርዌጂያኑ ግን ንጉሡ አንድን ሕግ እምቢ ማለት የሚችለው ሁለት ጊዜ ብቻ እንዲሆን ጽፈው ነበር። ሦስት ተከታታይ ፓርላማዎች ያንኑ ካጸደቁ ንጉሡ ወደደም ጠላም ሕግ ይሆናል። የመኳንንትን ማዕረግ የሚያስቀረውን ሕግ በ1815 አጸደቁ፣ ንጉሡ ጣለው። በ1818 ደገሙ፣ አሁንም ጣለው። በ1821 ሦስተኛው መጣ። ካርል ዮሃን ያኔ ነግሦ ነበር፤ ዋና ከተማዋ አጠገብ ወታደር ሰብስቦ የጦር ልምምድ እስከማሳየት ደረሰ። እነሱ ግን ፍንክች አላሉም፤ ሕጉን ፈረመላቸው።