ለከተማው የምናስገባው የፋን ጥያቄ፦ አስተያየት ስጡበት (ደብረ ብርሃን፣ የብረታ ብረት ማህበር)

ጸሐፊ፦ ረቂቁ ይሄ ነው። እስቴንለስ (የማይዝግ ብረት) ለምንበይድባቸው ሼዶች ጭስ መሳቢያ ፋን፣ ለበያጆች ባለ ፊልተር ማስክ። ግማሹ ከካዝና፣ ግማሹ ከከተማው። በዚህ ብርድ በር ዘግተን ነው የምንሠራው። ታንክ ውስጥ ሲበይድ የዋለው ልጅ ደህና ሆኖ ቤቱ ገባ፤ በማግስቱ መተንፈስ አቃተው። ሳንባው ውሃ ቋጥሯል ተባለ።

ገንዘብ ያዥ፦ እስቴንለስ የሚሠሩት ጥቂት ናቸው። ላሜራ ቆራጩ ለምን ይከፍላል? ከጭሱ ያድናል ተብሎ የሚሰጠው የወተት ብርም እየወጣ ነው። ሁለቱን አንችልም።

አርጎን ሠሪ (በአርጎን ጋዝ የሚበይድ)፦ ወተቱ አይነካም። እስከዛሬ ያቆየን ወተት ነው።

ጸሐፊ፦ ጋሼ፣ ወተት የሚገባው ሆድ ነው፤ ጭሱ ያለው ሳንባ ውስጥ ነው። 304 የሚባለው እስቴንለስ ውስጥ 18 በመቶ ገደማ ክሮሚየም፣ 8 በመቶ ገደማ ኒኬል አለ። ሲበየድ ደቃቅ ብናኝ ሆኖ ሳንባ ስር ይወርዳል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የኒኬል ውህዶችን በ1990 እ.ኤ.አ.፣ የብየዳ ጭስን በ2017 እ.ኤ.አ. ካንሰር አምጪ ብሎ መድቧቸዋል።

ሼድ 2፦ በጾምስ? ረቡዕ፣ ዓርብ፣ ሁዳዴን ሙሉ ወተቱን ማን ይጠጣዋል? ብሩ ግን ይወጣል።

አርጎን ሠሪ፦ የኔን ጾም ምን አገባህ? ለልጆቼ እገዛበታለሁ። ላቤ ነው!

ሼድ 2፦ የማህበር ብር ነው እንጂ የቤት አስቤዛ አይደለም።

ሼድ 5፦ እኛም በረመዳን ቀን አንጠጣም፣ ማታ ይዘን እንሄዳለን። በጾም ቀን በብር ይታሰብና ይለቅ።

ላሜራ ቆራጭ፦ በብር ከሆነማ ለሁሉም ይታሰብ። የግራይንደሩን አቧራ የምንበላው እኛ ነን።

ቀለም ቤት፦ ቀለም የሚረጨውስ ተረሳ?

ሰብሳቢ፦ ስድብ የጻፋችሁ አጥፉት። አንድ ሼድ ነው የምንውለው።

ሼድ 7፦ ኒኬል ካርቦኒል የሚባል ጋዝ አለ። መጀመሪያ ራስ ያማል፣ ያቅለሸልሻል፣ ከዚያ ይተዋል። ብዙ ጊዜ ከ12 እስከ 36 ሰዓት ቆይቶ ነው ሳንባ ውሃ የሚሞላው። ልጁን ያገኘው እሱ ነው፤ ደብዳቤው ላይ ይግባ።

ጸሐፊ፦ አይገባም። እሱ ጋዝ በዋናነት የኒኬል ማጣሪያ ፋብሪካ ጣጣ ነው፤ ኒኬልና ካርቦን ሞኖክሳይድ ሲገናኙ የሚፈጠር። አንድ ባለሙያ ቢያነበው መላ ጥያቄያችን ይወድቃል። ታንክ ውስጥ ሲበየድ የሚጠራቀም የናይትሮጂን ዳይኦክሳይድ ጋዝም ልክ እንደዚያው ዘግይቶ ሳንባን ውሃ ያስይዛል። ልጁን የትኛው እንደጎዳው አልተመረመረም። ኒኬሉ እኛን የሚጎዳን በዓመታት ነው፤ አስም ያመጣል፣ ካንሰር ያመጣል። የብናኝ ማስክ ጋዝ አያስቀርም። ስለዚህ ዋናው ፋኑ ነው። ዋጋ ማን ያመጣል?

ሼድ 7፦ እኔ። ቅዳሜ መርካቶ ነኝ።

ጸሐፊ፦ ሼድ 7፣ ዋጋው?

ጸሐፊ፦ ሼድ 7? ስልክም አታነሳም።

አርጎን ሠሪ፦ ሼድ 2ን ተናግሬው ነበር፣ ይቅር ይበለኝ። ብቻ ወተቱ እንዳይቀር።

ሼድ 2፦ እኔም አበዛሁት ጋሼ። በብር ይሁን።

ሰብሳቢ፦ እንግዲህ እንዲህ እናስገባ። አንደኛ፣ የወተት ድጎማ ለሁሉም አባል፣ በጾም ቀን በብር። ሁለተኛ፣ ለቀለም ቤት መለያ ግድግዳ። ሦስተኛ፣ በጀት ሲገኝ ፋን።

ገንዘብ ያዥ፦ ግድግዳው በስንት ነው?

ጸሐፊ፦ «በጀት ሲገኝ» የሚለው ካልወጣ አልፈርምም። እስከዚያ ግን ማንም ብቻውን ታንክ ውስጥ ገብቶ እንዳይበይድ። በር ይከፈት፣ ቢበርድም።

ቀለም ቤት፦ ግድግዳው በብሎኬት ነው በላሜራ?