ክርክር፦ ፊርማው በወረቀት ወይስ በኢንተርኔት?

ከራስ መኮንን ድልድይ አካባቢ፦
ልጆቻችን ትምህርት ቤት ለመድረስ የሚያቋርጡት አስፋልት ዜብራ የለውም። አቤቱታ ለማቅረብ ተስማምተናል፤ ያልተስማማነው በፊርማው ላይ ነው። ወጣቶቹ በኢንተርኔት ይሁን ይላሉ፤ ታላላቆቻችን በወረቀት። ለእናንተ የሠራላችሁ የቱ ነው?

ከአራት ኪሎ፦
በኢንተርኔት እንጂ! በእንግሊዝ ፓርላማ ድረ ገጽ የሚቀርብ አቤቱታ 10,000 ፊርማ ሲሞላ መንግሥት መልስ ይሰጥበታል፤ 100,000 ሲደርስ ለምክር ቤት ክርክር ይታሰባል። እ.ኤ.አ. በ2019 አገራቸው ከአውሮፓ ኅብረት እንዳትወጣ የጠየቀው አቤቱታ ከ6 ሚሊዮን በላይ ፊርማ አግኝቷል። ይህን ያህል ሕዝብ በወረቀት ለማዳረስ ስንት ሰው ስንት ወር ይዞር ነበር?

ከካዛንቺስ፦
ልጄ፣ መጨረሻውንም ጻፊው። ምክር ቤቱ ተከራከረበት፣ መንግሥት አልቀበልም አለ፣ አገሪቱም እ.ኤ.አ. በ2020 ወጣች። ደግሞ እዚያ ቁጥሩ ክብደት ያገኘው ፓርላማው ራሱ «ይህን ያህል ስትሆኑ እሰማለሁ» ብሎ በሩን ስለከፈተ ነው። እኛ ለምንሄድበት ቢሮ ስንት ፊርማ ምን ያህል ይመዝናል?

የደረሰብኝን ልንገራችሁ። በሰፈራችን የፍሳሽ መስመር ፈንድቶ ወራት ተቀመጠ። መጀመሪያ ልጆቹ በኢንተርኔት ከሁለት ሺህ የሚበልጥ ስም ሰበሰቡ፤ አትመን ወሰድነው። ኃላፊው ገለጥ ገለጥ አደረጉና «ከእነዚህ ውስጥ የሰፈሩ ነዋሪ የትኛው ነው?» አሉን። መልስ አጣን። በሁለተኛው ዙር 64 አባወራ በእጁ ፈረመ፤ የቤት ቁጥርና ስልክ ከጎኑ አለ። መዝገብ ቤት ገቢ አስደርገን ቀሪው ላይ ቁጥርና ማህተም አስመታን። ከወር በኋላ «እንዲህ ያለ ደብዳቤ አልደረሰንም» ስንባል ቀሪውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። በዚያው ሳምንት ቆፋሪዎች መጡ። ደጅ መጥናቱ አልቀረልንም፤ ግን በእጃችን የምንይዘው ነገር ነበረን።

ከፒያሳ፦
ጋሼ፣ በማህተሙ አልከራከርዎትም። ወረቀት ስለሆነ ብቻ ግን አይታመንም። እ.ኤ.አ. በ1848 ቻርቲስቶች የተባሉት እንግሊዛውያን ከ5 ሚሊዮን በላይ ፊርማ አለበት ብለው ለምክር ቤት ያቀረቡት አቤቱታ ሲቆጠር 2 ሚሊዮን አልሞላም፤ የንግሥት ቪክቶሪያ ስም ሳይቀር ተገኝቶበታል።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። ወረቀቱን ይዞ የሚዞረው ሰው የማንን በር ያንኳኳል? በአንድ ግቢ አሥራ አንድ ዓመት ስኖር አንድም ቀን «ፈርሚ» ተብዬ አላውቅም፤ ተከራይ ነኝና። ወረቀቱ አከራዬ ዘንድ ደርሶ ይመለሳል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 አቤቱታ የማቅረብን መብት የሰጠው ለማንኛውም ሰው ነው፤ ካርታ ላለው ብቻ አላለም። ስልኬ ላይ የሚመጣ ቅጽ ቢያንስ ቤቱ የማን ነው ብሎ አይጠይቀኝም።

ከአራት ኪሎ፦
ሕጉም አለ፤ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 ለኤሌክትሮኒክ ፊርማ ዕውቅና ሰጥቷል።

ከካዛንቺስ፦
በኤሌክትሮኒክ ምስክር ወረቀት የተረጋገጠ ፊርማና በኢንተርኔት ስምን ጽፎ መላክ አንድ አይደሉም፤ ያንን አትቀላቅዪው። ስለ ተከራዮች ግን፣ እኅቴ፣ እውነት አለሽ። አሁን ቀሪውን አውጥቼ አየሁት፤ ከ64ቱ መካከል አንድም ተከራይ የለም። ፍሳሹ በእነርሱም በር ያልፍ ነበር።

ከራስ መኮንን ድልድይ አካባቢ፦
ባዘጋጀነው ቅጽ ላይ «የቤቱ ባለቤት ስም» የሚል ዓምድ ነበር፤ ሰርዘነዋል። ጥሪው ለሁሉም በስልክ ይደርሳል፣ ፊርማው በወረቀት ይሆናል። ሰኞ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ጀምሮ ልጆቹ በሚሻገሩበት ቦታ ወረቀቱን ይዘን እንቆማለን፤ ከሥራ አምሽቶ ለሚገባም እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት እንጠብቃለን።