ጀጎል (የሐረር ግንብ)፦ አስማዲን በር ከሸዋ በር ይለያል?

ጥያቄ፦ የሐረር በሮች ስም ግራ አጋባኝ። ገበያውንስ ከየት ልጀምር?

መልስ፦ አንድ ናቸው፤ አስማዲን ሐረሪዎች የሚሉት ነው። የሌሎቹም እንዲሁ ነው፦ ሐረሪዎች አሱም የሚሉት ፈላና በር፣ አርጎብ ኤረር በር፣ ሱቁጣጥ ሰንጋ በር፣ «በድሮ» የሚሉት ደግሞ ቡዳ በር ነው። ግንቡን በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት አሚር ኑር ናቸው፤ መኪና የሚገባበት 6ኛው በር ኋላ የመጣ ነው።

መልስ፦ ወዳጄ፣ ከፈረስ መጋላ ጀምር። መጋላ ገበያ ማለት ነው። «መኪና ግርግር» በሚባለው መንገድ ስትወርድ (ስሙ ከስፌት መኪናው ድምፅ ነው) ጊድር መጋላ ትደርሳለህ። ከጠፋህ ግንቡን ይዘህ ሂድ፣ በር ላይ ያወጣሃል።

መልስ፦ ገበያው ከተነሣ የጅቡቲውን ባቡርም አትርሱ። እ.ኤ.አ. በ1902 ተራራውን ሽሽት ሐረር ሳይወጣ ድሬዳዋ ላይ ቆመ፤ የሐረር የሲራራ ንግድ ከዚያ ወዲህ ቀዘቀዘ።